ስለ ቪታሚን ኢ እንክብል፤ ቶኮትራይኖል የሚባለው ወገን ስለሚሰጠው ጥቅምና ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ

በከተሞቻችን መድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ላይ፤ እንዲሁም ከአሜሪካና ከዓረብ አገሮች በሚመጡ ዘመዶች ሻንጣ ውስጥ፤ የቪታሚን እንክብል የያዘ ብልቃጥ ማየት ዛሬ የተለመደ ነገር ሆኗል። ልጅ ለእናቱ፤ እኅት ለወንድሟ የሚልኩት ይህ ስጦታ ከፍቅር የመነጨ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በብልቃጡ ላይ ያለው ጽሕፈት በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ በመሆኑ፤ ተቀባዩም የላኪውን ፍቅር እንጂ የእንክብሉን ጠባይ ስለማያውቅ፤ የሚውጠው ነገር ምን እንደ ሆነ ሳይረዳ የሚውጥ ሰው ጥቂት አይደለም።

ከነዚህ እንክብሎች መካከል አንዱ «ቶኮትራይኖል» የሚል ስም የተጻፈበት የቪታሚን ኢ ዓይነት ነው። ሻጮቹ አእምሮን ይጠብቃል፤ ኮሌስትሮልን ይቀንሳል፤ ነቀርሳን (ካንሰርን) ይከላከላል ይሉለታል። እኛም በዚህ ወር ትምህርታችን ከዚህ ሁሉ ተስፋ የትኛው እንደ ተረጋገጠ፤ የትኛው ገና በምርመራ ላይ እንዳለ፤ ጉዳትስ ሊመጣ የሚችለው በማን ላይ እንደ ሆነ በቅደም ተከተል እንገልጻለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ/ የቪታሚን ኢ አመጣጥ

በ1922 ሄርበርት ኤቫንስና ካተሪን ቢሾፕ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አይጦችን የተጣራ ምግብ ብቻ እየመገቡ ይመረምሩ ነበር። አይጦቹ በደኅና አደጉ፤ ፀነሱም፤ ነገር ግን ፅንሱ በማኅፀን ውስጥ እየሞተ ቀረ። የሰላጣ ቅጠል በተጨመረላቸው ጊዜ ግን በሰላም ወለዱ። ከዚህም የተነሣ በቅጠሉ ውስጥ እስከዚያ ቀን ያልታወቀ አንድ አስፈላጊ ነገር እንዳለ ተገነዘቡ። በ1936 ይኸው ነገር ከስንዴ ፍሬ በቃይ ክፍል ከሚገኘው ዘይት ተለይቶ ወጣና ቶኮፌሮል ተባለ። ስሙም መውለድና መሸከም የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የተወሰደ ነው።

ከዚሁ ታሪክ የተነሣ ቪታሚን ኢ የሰውን መካንነት ይፈውሳል የሚል ወሬ በየአገሩ ተሰራጭቷል። ይሁን እንጂ በአይጥ ላይ የታየው ሁሉ በሰው ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። ቪታሚን ኢ ለመካንነት ፍቱን መድኃኒት መሆኑ አልተረጋገጠም።

2ኛ/ በሰውነታችን ውስጥ የሚሠራው ሥራ

ዘይት ወይም ቅቤ ክዳኑ ተከፍቶ ብዙ ቀን ሲቆይ ሽታውና ጣዕሙ እንደሚለወጥ ማንኛዋም የቤት እመቤት ታውቃለች። ይህን የሚያደርገው በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ነው። ሰውነታችን የተሠራባቸው ሕዋሶችም ሽፋናቸው ቅባት ስለ ሆነ፤ ተመሳሳይ ብልሽት ሊያገኛቸው ይችላል። ቪታሚን ኢ በዚህ ሽፋን ውስጥ እንደ ዘብ ቆሞ ብልሽቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳይዛመት ይከላከላል።

ይህ ቪታሚን ጨርሶ የሚያንሳቸው ሰዎች ጥቂቶች ናቸው። እነርሱም ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት፤ በጉበት፤ በሐሞት ወይም በአንጀት ሕመም ምክንያት ቅባት ከምግባቸው መውሰድ የማይችሉ ሕሙማን፤ እንዲሁም ቪታሚኑን በጉበት ውስጥ የሚመርጠው ፕሮቲን ከትውልድ የተበላሸባቸው ሰዎች ናቸው። የመጨረሻው ሕመም በቱኒዚያና በሌሎች የሰሜን አፍሪካ አገሮች በሚገኙ ቤተ ሰቦች ላይ በደንብ ተጠንቷል። የሕመሙ ምልክት እግር እየተንገዳገደ መሄድና የነርቭ መድከም ነው። ለእንዲህ ያሉት ሕሙማን ቪታሚን ኢ እውነተኛ መድኃኒት ስለ ሆነ፤ በሐኪም ትእዛዝ ዕድሜ ልካቸውን ሊወስዱት ይገባል።

3ኛ/ ቶኮትራይኖል ከሌላው በምን ይለያል?

ቪታሚን ኢ የአንድ ነገር ስም ብቻ ሳይሆን የስምንት ወንድማማቾች የቤተ ሰብ ስም ነው። አራቱ ቶኮፌሮል፤ አራቱ ቶኮትራይኖል ይባላሉ። እያንዳንዱም ወገን አልፋ፤ ቤታ፤ ጋማ፤ ዴልታ በሚሉ የግሪክ ፊደላት ይከፈላል። የሁለቱ ወገኖች ራስ አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነታቸው በጅራታቸው ላይ ነው። በቶኮትራይኖል ጅራት ላይ ሦስት ድርብ ማሰሪያዎች ይገኛሉ፤ በስሙ መካከል ያለው «ትራይ» የሚለው ቃልም ሦስት ማለት ነው።

ቶኮትራይኖል በ1964 ከጎማ ዛፍ ወተት ተለይቶ ታወቀ። በብዛት የሚገኘው በፓልም ዘይት፤ በሩዝ ገለባ ዘይት፤ ለምግብ ቀለም በሚያገለግለው አናቶ በሚባል ፍሬ፤ እንዲሁም በገብስና በስንዴ ውስጥ ነው። ስለዚህ በሶ የሚበጠብጥ ወይም የገብስ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ስሙን ሳያውቅ ቶኮትራይኖልን ሲመገብ ኖሯል። ሆኖም በእህል ውስጥ ያለው መጠን ጥቂት ነው፤ በአንድ ቀን እንክብል ውስጥ የሚገባውን 200 ሚሊግራም ከገብስ ለማግኘት የሚያስፈልገው ብዙ ኪሎ ነው።

አንባብያን በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባው ነገር አለ። ከምግብ የገቡት ስምንቱም ዓይነቶች ወደ ጉበት ይደርሳሉ፤ ጉበት ግን አልፋ ቶኮፌሮልን ብቻ መርጦ ወደ ደም መልሶ ይልካል፤ ሌሎቹን አብዛኛውን ያስወግዳል። ከዚህም የተነሣ ቶኮትራይኖል በደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓቶች ሲሆን፤ አልፋ ቶኮፌሮል ግን ለቀናት ይቆያል። የአሜሪካ ሊቃውንት በ2000 የሰውን የዕለት ፍላጎት ሲወስኑ የቈጠሩት አልፋ ቶኮፌሮልን ብቻ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ ቶኮትራይኖል ብቻ የሚወስድ ሰው የዕለት ቪታሚን ኢውን አሟላሁ ብሎ ሊያስብ አይገባውም።

4ኛ/ ስለ ጥቅሙ ምን ተረጋግጧል?

በውጭ አገር በተማርንበት ጊዜ ስለ ማንኛውም አዲስ መድኃኒት በመጀመሪያ እንድንጠይቅ የተማርነው ጥያቄ አጭር ነበር፤ ይኸውም «ከምን ጋር ተነጻጽሮ?» የሚል ነው። አንድ ሰው እንክብል ውጦ ቢሻለው እንክብሉ አሻለው ለማለት አይቻልም፤ ሳይውጥም ይሻለው ነበር ይሆናልና። ስለዚህ እውነተኛ ምርመራ ሰዎችን በዕጣ በሁለት ይከፍላል፤ ለአንዱ ወገን መድኃኒቱን፤ ለሌላው መልኩ ተመሳሳይ የሆነ ግን መድኃኒት የሌለበት እንክብል ይሰጣል፤ በመጨረሻም ሁለቱን ያስተያያል። በዚህ ሚዛን የቶኮትራይኖልን ተስፋዎች አንድ በአንድ እንመልከት።

ሀ/ ስለ ኮሌስትሮል። በ1986 ከገብስ የወጣ ቶኮትራይኖል ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን ሥራ እንደሚገታ ተዘገበ። ይህም ብዙ ተስፋ አሳደረ። በሰው ላይ የተደረጉት ምርመራዎች ግን አልተስማሙም። አንዳንዶቹ ኮሌስትሮል ቀነሰ አሉ፤ በ1999 የታተመ የኔዘርላንድ ምርመራ ግን ኮሌስትሮላቸው በመጠኑ ከፍ ያለ ወንዶች በቀን 140 ሚሊግራም ቶኮትራይኖል ለ6 ሳምንት ወስደው ምንም ለውጥ እንዳላገኙ ገለጸ።

ለ/ ስለ አእምሮ። በ2014 የታተመ የማሌዢያ ምርመራ የልብና የደም ሥር ሕመም የሚያሰጋቸውን፤ በአንጎላቸውም ነጭ ክፍል ላይ በመሣሪያ የታየ ጠባሳ ያለባቸውን 121 ሰዎች ተከታተለ። ግማሾቹ 200 ሚሊግራም ቶኮትራይኖል በቀን ሁለት ጊዜ ለ2 ዓመት ወሰዱ። በመጨረሻው መድኃኒት በሌለበት እንክብል የኖሩት ሰዎች ጠባሳ እየሰፋ ሲሄድ፤ ቶኮትራይኖል የወሰዱት ግን ባለበት የቆመ ሆኖ ተገኘ። ይህ ደስ የሚያሰኝ ውጤት ነው። ነገር ግን የተለካው በፎቶግራፍ የሚታይ ጠባሳ እንጂ በሽባነት የወደቀ ወይም ከሽባነት የዳነ ሰው ቍጥር አይደለም፤ የሰዎቹም ቍጥር ጥቂት ነው።

ሐ/ ስለ ነቀርሳ። በላብራቶሪ ብርጭቆ ውስጥ ቶኮትራይኖል የነቀርሳ ሕዋሶችን እንደሚገድል ብዙ ጊዜ ታይቷል። በብርጭቆ ውስጥ የሚገድል ነገር ግን በሰው አካል ውስጥም ይገድላል ማለት አይደለም። በ2010 የታተመ ሌላ የማሌዢያ ምርመራ የጡት ነቀርሳ በመጀመሪያ ደረጃው የተገኘባቸውን 240 ሴቶች ለ5 ዓመት ተከታተለ። ሁሉም ታሞክሲፈን የሚባለውን የታወቀ መድኃኒት ሲወስዱ፤ ግማሾቹ ቶኮትራይኖል ተጨመረላቸው። በሁለቱ ወገኖች መካከል ርግጠኛ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ቶኮትራይኖል ሊመረመር የሚገባው ነገር ነው፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ከታወቁት መድኃኒቶች አንዱን እንኳ ሊተካ የሚችል ማስረጃ አልቀረበለትም።

5ኛ/ ከወንድሙ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት

«ቪታሚን ስለ ሆነ ባይጠቅምም አይጎዳም» የሚል አነጋገር በብዙ ሰው አፍ ይሰማል። ይህን አነጋገር ለመመርመር የታላቅ ወንድሙን፤ የአልፋ ቶኮፌሮልን፤ ታሪክ ማየት ይበቃል።

በ1994 የፊንላንድ ሊቃውንት ሲጋራ በሚያጨሱ 29,133 ወንዶች ላይ ያደረጉትን ምርመራ ገለጹ። በቀን 50 ሚሊግራም ቪታሚን ኢ የወሰዱት ሰዎች ከሳንባ ነቀርሳ አልዳኑም። በአንጎል ውስጥ ደም በመፍሰስ የሞቱት ደግሞ ከነርሱ ወገን በዝተው ተገኙ። በአንጻሩ የፕሮስቴት ነቀርሳ ከነርሱ ወገን ስላነሰ፤ ቪታሚን ኢ ይህን ነቀርሳ ይከላከላል የሚል ተስፋ ተነሣ።

ተስፋውን ለመፈተን በ2001 በአሜሪካ፤ በካናዳና በፖርቶሪኮ 35,533 ወንዶች የሚገኙበት ታላቅ ምርመራ ተጀመረ። የተሰጣቸውም የቀን መጠን ዛሬ በብዙ ብልቃጥ ላይ የሚገኘው 400 ዓለም አቀፍ መለኪያ ነበር። ጥቅም ስላልታየ በ2008 እንክብሉ እንዲቆም ተደረገ። ክትትሉ ግን ስለ ቀጠለ በ2011 የተገኘው ውጤት ተስፋውን ገለበጠው፤ ቪታሚን ኢ ብቻ በወሰዱት ወንዶች ላይ የፕሮስቴት ነቀርሳ በ17 በመቶ በልጦ ተገኘ። በቍጥር ሲገለጽ በ7 ዓመት ውስጥ ከ1,000 ሰዎች መካከል መድኃኒት በሌለበት እንክብል ከኖሩት 65፤ ቪታሚን ኢ ከወሰዱት ግን 76 ሰዎች ታመሙ። ከሺህ 11 ሰው መብለጡ ለአንድ ሐኪም ዓይን የሚታይ ነገር አይደለም፤ የታወቀው ብዙ ሺህ ሰዎች ለብዙ ዓመት በመመርመራቸው ብቻ ነው።

የቶኮትራይኖል ሻጮች «ያ ሌላው ወገን ነው፤ የእኛው የተለየ ነው» ይላሉ። መለየቱ እውነት ነው። ነገር ግን በቶኮትራይኖል ላይ ይህን የሚያህል ምርመራ ገና አልተደረገም። በቀን 400 ሚሊግራም እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ በተደረጉት ምርመራዎች ከባድ ጉዳት አለመታየቱ መልካም ነው፤ ሆኖም የተመረመሩት በመቶ የሚቈጠሩ ስለ ሆኑ፤ ከሺህ 11 ሰው የሚነካ ጉዳት ቢኖር ሊታይ አይችልም ነበር። ጉዳት አልታየም ማለትና ጉዳት የለም ማለት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው።

ሚዛናችን ትክክል እንዲሆን፤ ቪታሚን ኢ በሐኪም እጅ ሲሰጥ የጠቀመበትንም እንጠቅሳለን። በ2010 በታተመ ምርመራ የስኳር በሽታ የሌለባቸው፤ በአልኮል ምክንያት ያልመጣ የጉበት ስብና ብግነት ያለባቸው ሕሙማን በቀን 800 ዓለም አቀፍ መለኪያ ለ96 ሳምንት ወስደው 43 በመቶ የሚሆኑት ጉበታቸው ሲሻሻል፤ ከሌላው ወገን የተሻለው 19 በመቶ ብቻ ነበር። ይህ ግን ለታወቀ ሕመም፤ በሐኪም ክትትል የተሰጠ ነው።

6ኛ/ በተለይ ሊጠነቀቁ የሚገባቸው ሰዎች

ሀ/ ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፤ ወይም በየቀኑ አስፒሪን የሚወስዱ። ብዙ ቪታሚን ኢ ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን የቪታሚን ኬን ሥራ ስለሚቃወም፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ደም ሊፈስስ ይችላል።

ለ/ ቀዶ ጥገና ወይም ጥርስ ማስነቀል የቀረበላቸው። እንክብል መውሰዳቸውን አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ።

ሐ/ ለነቀርሳ ሕክምና መድኃኒት ወይም ጨረር የሚቀበሉ። ሐኪማቸው ሳይፈቅድ ምንም ዓይነት ማሟያ እንክብል አይጀምሩ።

መ/ ነፍሰ ጡሮች፤ የሚያጠቡ እናቶችና ሕፃናት። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ፤ ብልቃጡም ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።

ሠ/ የደም ግፊት፤ የስኳር ወይም የልብ ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ። ከሁሉ የሚከፋው ጉዳት ከእንክብሉ የሚመጣ ሳይሆን፤ እንክብሉን ተማምነው የታዘዘላቸውን መድኃኒት ሲተዉ የሚመጣው ነው። የግፊት መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ምንም ሳይሰማው ቆይቶ በአንድ ቀን ሽባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብልቃጡን ከውጭ የሚልክ ልጅ በስልክ «እማማ፤ ይህ ተጨማሪ ነው እንጂ የሐኪሙ ኪኒን ምትክ አይደለም፤ ያንን እንዳያቋርጡ» ብሎ ቢነግር፤ ከስጦታው የሚበልጥ ስጦታ ሰጠ ማለት ነው።

7ኛ/ በብልቃጡ ላይ የሚነበበው

ለአዋቂ ሰው በአሜሪካ የተወሰነው የዕለት ፍላጎት 15 ሚሊግራም አልፋ ቶኮፌሮል ነው። ከእንክብል በሚወሰደው ላይ እንዳይታለፍ የተደረገው ወሰን በአሜሪካ 1,000 ሚሊግራም ሲሆን፤ የአውሮፓ ምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ግን 300 ሚሊግራም ብሎ ወስኗል። እነዚህ ወሰኖች የተወሰኑት ለአልፋ ቶኮፌሮል ነው። በፊንላንድ ደም መፍሰስ የታየው በ50 ሚሊግራም መሆኑን ያስታወሰ አንባቢ፤ ወሰን ማለት እስከዚያ ድረስ ውሰዱ የሚል ፈቃድ አለመሆኑን ይረዳል።

በብልቃጡ ላይ 400 ዓለም አቀፍ መለኪያ ተብሎ ከተጻፈ፤ ከተፈጥሮ የተገኘው («ዲ» የሚል ፊደል ያለበት) 268 ሚሊግራም፤ በፋብሪካ የተሠራው («ዲኤል» የሚል ያለበት) 180 ሚሊግራም ያህል ነው። በቶኮትራይኖል ብልቃጥ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ አልፋ ቶኮፌሮል ተደባልቆ ስለሚገኝ፤ የሁለቱም መጠን ይነበብ። ሐኪም የፈቀደለት ሰው ከምግብ ጋር ይውሰደው፤ በባዶ ሆድ የተዋጠ ቶኮትራይኖል በአንጀት በኩል የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው። እንዲሁም በአሜሪካ በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያሉ ማሟያዎች ወደ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ጥቅማቸው በመንግሥት ተመርምሮ እንዲጸድቅ አይጠየቅም። «ከአሜሪካ የመጣ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና የማይሆነው ስለዚህ ነው።

8ኛ/ ከማዕዳችን የሚገኘው

አንድ የሾርባ ማንኪያ የሱፍ አበባ (የፈረንጅ ሱፍ) ዘይት ከ5 ሚሊግራም በላይ ቪታሚን ኢ አለው። አንድ ሰው በቀኑ ምግቡ ሁለት ማንኪያ የዚህን ዘይት፤ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒና ጥቂት የተቀቀለ ቆስጣ ቢያገኝ፤ ወደ 15 ሚሊግራም ይቀርባል። የኑግ ዘይትም አልፋ ቶኮፌሮል አለው። ዘይቱ ከፀሐይ ብርሃን ርቆ፤ ተከድኖ ይቀመጥ፤ ለመጥበሻ ያገለገለውም ደጋግሞ አይሞቅ፤ ብርሃንና ሙቀት ቪታሚኑን ያጠፋሉና። ለአንድ ብልቃጥ እንክብል የሚከፈለው ገንዘብ ለቤተ ሰብ ስንት ቀን ጎመን፤ ኦቾሎኒና ዕንቍላል እንደሚገዛ ማስላት ለእያንዳንዱ አባወራና እመቤት የተተወ ነው።

ለመምህራን

በክፍል ውስጥ ለመወያያ የሚከተሉትን ጥያቄዎች አቅርበናል።

1/ አንድ ሰው እንክብል ውጦ ቢሻለው፤ ያሻለው እንክብሉ መሆኑን ለማወቅ ምን ማድረግ ያስፈልጋል?

2/ በ121 ሰዎች ላይ የተደረገ ምርመራ ሊያሳይ የማይችለውን በ35,533 ሰዎች ላይ የተደረገው ሊያሳይ የቻለው ለምንድን ነው?

3/ በቤታችሁ የቪታሚን ብልቃጥ ካለ፤ ስሙን፤ መጠኑንና የሚያበቃበትን ቀን ገልብጣችሁ አምጡ። የሚወስደው ሰው ሌላ መድኃኒት ይወስዳልን? ሐኪሙስ ያውቃልን?

ሦስተኛው ጥያቄ በአንድ ቤት እንኳ አንድን አረጋዊ ብልቃጡን ይዞ ወደ ሐኪሙ እንዲሄድ ካደረገ፤ የዚህ ወር ትምህርታችን ፍሬ አፍርቷል።